ቤት የሚይዘው ዕዳና ስም የሚይዘው ዕዳ

ብድር አንድ ሰው የሌላውን ገንዘብ ዛሬ ወስዶ በተወሰነ ቀን ለመመለስ የሚገባው ግዴታ ሲሆን፣ በመውሰጃውና በመመለሻው ቀን መካከል ያለው ጊዜ ለአበዳሪው የስጋት ጊዜ ነው፤ ተበዳሪው ሊታመም፣ ሊከስር፣ ሊሞት ወይም እያለው ለመክፈል እምቢ ሊል ይችላልና። ስለዚህ አበዳሪ የሆነ ሁሉ፣ ትልቅ ባንክም ይሁን በዱቤ የሚሸጥ የሰፈር ባለሱቅ፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ባይከፈለው ምን እንደሚይዝ ያሰላል። የሚይዘው ነገር ቤት፣ መኪና፣ ማሽን ወይም ሌላ ተለይቶ የታወቀ ንብረት ሲሆን ብድሩ በመያዣ የተሰጠ ብድር ይባላል፤ የሚተማመንበት የተበዳሪው ደመወዝ፣ የቀደመ የአከፋፈል ታሪክ ወይም የሌላ ሰው ቃል ሲሆን ደግሞ ያለ መያዣ የተሰጠ ብድር ይባላል። በተለምዶ ሁለቱ ዋስትና ያለውና ዋስትና የሌለው እየተባሉ ቢጠሩም ይህ አጠራር ያሳስታል፤ ፈጽሞ ዋስትና የሌለው ብድር እምብዛም የለምና ዋናው ልዩነት ዋስትናው በንብረት ላይ ያረፈ ወይስ በሰው ላይ የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ይህን ልዩነት ባንክ ከመምጣቱ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት የቁራኛ ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የዘለቀ ሲሆን፣ አገሩን የጎበኙ የውጭ ተጓዦችም ስለዚህ ልማድ ጽፈዋል። በቁራኛ መያዣው የሰውየው ገላ ነበር፤ ልማዱ ቢቀርም ቃሉ አንድን ሰው በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ በሚለው አነጋገር ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። በሌላ በኩል ወለድ አገድ የሚባለው ስምምነት በንብረት ላይ የቆመ ነበር፦ ባለመሬቱ ገንዘብ ወስዶ መሬቱን ለአበዳሪው ይለቃል፣ አበዳሪውም ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ የመሬቱን ምርት በወለድ ፈንታ ይበላል። በዚህ አሠራር ምርቱ ወለዱን እንጂ ዋናውን ዕዳ ስለማይቀንስ፣ መሬቱን የለቀቀ ገበሬ ገንዘቡን የሚያጠራቅምበት ማሳ ሳይኖረው ዕዳውን ይዞ ለረጅም ዓመታት ሊቆይ ይችል ነበር። መያዣው ራሱ የመክፈያው ምንጭ ሆኖ ሲገኝ የሚፈጠረው ይህ ችግር በዘመናዊው ብድርም ውስጥ የሚታይ ነው፤ የወፍጮ ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው ወፍጮው ከተወሰደበት ቀሪውን ዕዳ የሚከፍልበት ሥራ አይኖረውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እነዚህን ልማዶች በአዲስ መልክ አደራጅቶ፣ ስለ ሰው ዋስትና ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ፣ ስለሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ከአንቀጽ 2825 ጀምሮ፣ እንደ ቤት ስላለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ደግሞ ከአንቀጽ 3041 ጀምሮ ደንግጓል። የቤት መያዣ በጽሑፍ ካልተደረገና የሚያስከብረው የገንዘብ ልክ በኢትዮጵያ ገንዘብ ካልተገለጸ አይጸናም፤ ውሉ ንብረቱ ባለበት ቦታ በሚገኘው መዝገብ ላይ ካልገባም ውጤት አይኖረውም። የምዝገባው ዋጋ ሊገባ የሚችለው መያዣ ለአበዳሪው የሚሰጣቸው ሁለት መብቶች ተለይተው ሲታዩ ነው። የመጀመሪያው የቀዳሚነት መብት ሲሆን፣ ባለዕዳው ብዙ አበዳሪዎች ኖረውበት ንብረቱ ሲሸጥ መያዣ ያለው ከሌሎቹ በፊት ከሽያጩ ገንዘብ ይከፈለዋል ማለት ነው። ሁለተኛው የመከተል መብት ነው፤ ቤቱ በሽያጭ ወይም በስጦታ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍም መያዣው አብሮት ይሄዳል፣ አዲሱ ባለቤትም ያልተበደረው ዕዳ ቤቱን ሲያስሸጥበት ሊያይ ይችላል። ቤት ገዢዎች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከመዝገብ ማጣራት አለባቸው የሚባለው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ይህን ሳያደርጉ በደላላ ቃል ብቻ ገንዘብ መስጠት ከአንድ ዕድሜ ቁጠባ ጋር መጫወት ነው።

ሕጉ ለተበዳሪውም አንድ ትልቅ ጥበቃ አስቀምጦለት ነበር። ባለዕዳው በቀኑ ካልከፈለ አበዳሪው ሕግ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይከተል ንብረቱን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል፣ ለማይንቀሳቀስ ንብረት በአንቀጽ 3060 መሠረት ዋጋ የለውም፤ ለሚንቀሳቀስ ንብረትም አንቀጽ 2851 ተመሳሳይ ክልከላ አስቀምጦ ነበር። የዚህ ድንጋጌ ምክንያት ሰው በቸገረው ጊዜ ያልፈረመው ነገር ስለማይኖር፣ ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በሁለት መቶ ሺህ ብር ዕዳ እንዳይቀር መከላከል ነው። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት በኩል የሚደረገው ሽያጭ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮችን ከዚህ ሥርዓት አውጥቷቸዋል፤ ውሉ ላይ ስምምነት እስካለ ድረስ ባንክ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ሊሸጥና ስሙን ለገዢው ሊያዛውር ይችላል። በየጋዜጣው ገጽ ላይ ተከታትለው የሚወጡት የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያዎች መነሻቸው ይህ አዋጅ ነው። አዋጁ ባንኮች የቆጣቢዎችን ገንዘብ በፍጥነት እንዲያስመልሱ ማስቻሉ የማይካድ ቢሆንም፣ 30 ቀን ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል አጭር ጊዜ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ ቤቱን ራሱ በገበያ ዋጋ ሸጦ ዕዳውን ለማወራረድ የሚፈልግ ሰው እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ ገዢ አግኝቶ ሽያጩን መጨረስ ይከብደዋል።

የሐራጅ ዋጋ ጉዳይ በተለይ መታየት ያለበት ነው። ባንክ ብድር ሲሰጥ የራሱን መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ የሚፈቀደው ብድር ደግሞ ከግምቱ የተወሰነ ድርሻ ብቻ ነው። ባንኩ በመሃል የሚተወው ክፍተት ዋጋ ቢወርድ ወይም ወለድ ቢጠራቀም የሚከላከልለት ሲሆን፣ ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ ግን ክፍተቱ የባለቤቱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚኖርበትን ቤት በጨረታ ለመግዛት የሚደፍር ጥቂት ስለሆነ፣ ተጫራቾችም ዕዳውን ሸፍኖ ሻጩን ለማስደሰት የሚመጡ ስላልሆኑ፣ የሐራጅ ዋጋ ከፈቃደኛ ሻጭ ዋጋ ማነሱ የተለመደ ነው። ከሽያጩ ገንዘብ ዋናው ብድር፣ ወለዱና ወጪው ተቀንሶ የተረፈ ካለ ለባለዕዳው ይመለሳል፤ ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ግን ቀሪው ዕዳ አይሰረዝም። ብዙ ተበዳሪዎች "ቤቱን ወስደው ይለቁኛል" ብለው ሲያስቡ ይደመጣል፤ ይህ ስህተት ነው፣ ቤቱን ያጣ ሰው ቀሪ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል።

ያለ መያዣ ያበደረ ሰው የቀዳሚነትና የመከተል መብት የለውም ማለት ግን ባዶ እጁን ቀርቷል ማለት አይደለም። የገንዘብ ብድር ከ500 ብር ሲበልጥ በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በስተቀር ማስረዳት እንደማይቻል የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2472 ስለሚደነግግ፣ ወረቀት የያዘ አበዳሪ ፍርድ ቤት ከስሶ ማስፈረድ፣ ከዚያም በፍርድ አፈጻጸም የባለዕዳውን ንብረት ማስሸጥ ይችላል። የጎደለው ቀዳሚነቱ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ በመጨረሻም ንብረቱ ላይ መያዣ ያለው ሌላ አበዳሪ ቢኖር ከእርሱ የተረፈውን ከሌሎች ጋር ይካፈላል። ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር መጠኑ አነስተኛ፣ ጊዜው አጭር፣ ወለዱም ከፍ ያለ የሚሆነው አበዳሪው ይህን ሁሉ ስጋት በዋጋው ውስጥ ስለሚያካትተው ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ከራሳቸው ወርሃዊ ሂሳብ ያውቁታል፤ በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ቤቱ ራሱ መያዣ የሆነበት የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ ከ6 እስከ 8 በመቶ መካከል ይዋዥቅ ነበር። ያው ሰው፣ ያው ደመወዝ ሆኖ የወለዱ ልዩነት በዋነኛነት የመጣው ከመያዣው ነው።

ዝቅተኛ ወለድ ግን ሁልጊዜ ዝቅተኛ ወጪ አይደለም፤ የአከፋፈሉ ዘመን ሲረዝም ሂሳቡ ይገለበጣል። ለማስረዳት ያህል 500,000 ብር በእኩል ወርሃዊ ክፍያ የሚመለስ ሁለት ብድር ይታሰብ። አንደኛው ቤት አስይዞ በ16 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ሲሆን፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 12,160 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱም ወደ 229,500 ብር ይደርሳል። ሁለተኛው ያለ መያዣ በ24 በመቶ ወለድ ለ3 ዓመት ቢሆን፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 19,600 ብር ከፍ ይላል፣ ጠቅላላ ወለዱ ግን ወደ 206,000 ብር ነው፤ ወለዱ በመቶኛ የበለጠው ብድር በብር ሲታሰብ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ብድር ወርሃዊ ክፍያው እንዲቀል ወደ 10 ዓመት ቢራዘም ደግሞ ክፍያው ወደ 8,375 ብር ዝቅ ሲል ጠቅላላ ወለዱ ወደ 505,000 ብር ያድጋል፣ ይህም ከተወሰደው ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ብድሮችን የሚያነጻጽር ሰው በመቶኛው ላይ ብቻ ሳይቆም፣ የመጨረሻው ክፍያ በተፈጸመበት ቀን ከእጁ የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት እንደሚሆን፣ እንዲሁም የግምት፣ የምዝገባና የኢንሹራንስ ወጪው ስንት እንደሆነ አበዳሪውን መጠየቅ ይኖርበታል። ዝቅተኛው ወርሃዊ ክፍያ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በወር 19,600 ብር መክፈል የማይችል ነጋዴ በወለድ ያተረፈ ቢመስለውም በአራተኛው ወር ሊቆም ይችላል።

በአጭር ጊዜ ብድር ላይ ስሌቱ ይብስ ይሰወራል። 1,000 ብር ለ30 ቀን ወስዶ 1,050 ብር የሚመልስ ሰው 50 ብር ቀላል መስሎ ቢታየውም፣ ይህን በየወሩ ቢደጋግመው በዓመት 600 ብር፣ ማለትም ከዋናው 60 በመቶ ይከፍላል። ይህን የመሰለው አነስተኛ ብድር ባለፉት ዓመታት በስልክ በኩል በስፋት ገብቷል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን መላ የተባለውን አነስተኛ ብድርና እንደኪሴ የተባለውን የሂሳብ ማሟያ ብድር አቅርቧል፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ስሙ በአፋን ኦሮሞ ወዳጅ የሚል ትርጉም ያለውን ሚቹ የተባለ ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር ጀምሯል። በእነዚህ አገልግሎቶች የቤት ካርታ የሚጠይቅ የለም፤ ይልቁንም ደንበኛው በስልኩ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስበት ሁኔታና የቀደመ ብድሩን የመለሰበት ታሪክ በኮምፒውተር ተሰልቶ የብድሩ ጣሪያ ይወሰናል። ቤትና መኪና ለሌላት የጉሊት ቸርቻሪ ይህ ትልቅ በር መክፈቱ የታወቀ ነው። የዛሬው የስልክ መዝገብ የጥንቱን ቁራኛ ባይመስልም፣ የሰውን እንቅስቃሴ መያዣ ማድረጉ ግን አንድ ነው፤ ያልከፈለ ሰው የሚያጣው ቤቱን ሳይሆን ነገ የመበደር ዕድሉን ነው፣ ብሔራዊ ባንክ የተበዳሪዎችን የብድር መረጃ የሚያሰባስብ ማዕከል ስላለውም በአንዱ ባንክ የተበላሸ ስም በሌላው ባንክ ሊታይ ይችላል።

በሰው ላይ የቆመ ብድር ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን በዋስ ነው። ዕቁብ በመሠረቱ አባላት እርስ በርሳቸው ያለ መያዣ የሚበዳደሩበት ማኅበር ሲሆን፣ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው የሌሎቹን ገንዘብ የሚወስድ ስለሆነ ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ዋስ ይጠራል። በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 40 የተደራጁት አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማትም ይህንኑ ልማድ ተከትለው፣ ጥቂት ተበዳሪዎች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን በማድረግ ንብረት ለሌላቸው ገበሬዎችና የከተማ ነጋዴዎች ሲያበድሩ ቆይተዋል። የቡድን ዋስትና ጥንካሬው ጎረቤት ጎረቤቱን ከባንክ ባለሙያ በተሻለ ማወቁ ነው፤ ድካሙም ከዚያው ይመነጫል፣ አንዷ ዘር ገዝታ ዝናብ ሲቀርባት ዕዳዋ በጓደኞቿ ትከሻ ላይ ይወርዳል፣ ጉርብትናውም አብሮ ይናጋል።

ዋስ መሆን በኢትዮጵያ የወዳጅነትና የዝምድና ግዴታ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ወረቀቱን ሳያነብ ነው። በሕጉ መሠረት ዋስትና በግልጽ ካልተነገረና የሚያስጠይቀው ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተገለጸ አይጸናም፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ ባለው ውል ላይ የሚፈርም ዋስ ይህን ጥበቃ በገዛ እጁ ይጥላል። ከዚህም በላይ ተራ ዋስ ከአንድነት ዋስ ይለያል። ተራ ዋስ አበዳሪው አስቀድሞ የባለዕዳውን ንብረት እንዲያስሸጥ የመጠየቅ መብት ሲኖረው፣ የአንድነት ዋስ ግን በአንቀጽ 1933 መሠረት ባለዕዳው ሳይጠየቅ፣ ያስያዘው ንብረትም ሳይነካ በቀጥታ ሊከሰስ ይችላል። የባንክ ውሎች ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጁት በዚህ በሁለተኛው መልክ ነው። ዋስ ሆኖ የከፈለ ሰው በአበዳሪው እግር ተተክቶ ባለዕዳውን መጠየቅ ቢችልም፣ ባንክ ሊያስከፍለው ያልቻለውን ሰው ወንድሙ ያስከፍለዋል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።

ከዚህ የባሰው የወላጅን ቤት ለልጅ ሥራ፣ የእህትን ቤት ለወንድም ንግድ ማስያዝ ነው። ሕጉ አንድ ሰው ለሌላው ዕዳ ንብረቱን እንዲያስይዝ ይፈቅዳል፤ አስያዡ ከቤቱ አልፎ በግል ሀብቱ ባይጠየቅም፣ ቤቱ ያለው ሀብት ሁሉ በሆነበት ቤተሰብ ይህ ልዩነት ብዙም አያጽናናም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለማስያዝም ሆነ ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በሐራጅ የሚወጣው ቤት የባልና የሚስት ብቻ ሳይሆን የልጆችም መኖሪያ ነውና፣ ይህ ድንጋጌ ፊርማ ለማሟላት ያህል ብቻ መታየት አይገባውም። ሚስት ወይም ባል የብድሩን መጠን፣ ወለዱንና የመጨረሻውን ቀን ሳያውቁ የሚፈርሙት ስምምነት ሕጉ ያሰበው ስምምነት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ቤትን ብቻ እንደ መያዣ የማየት ልማድ ብዙውን ሕዝብ ከትልልቅ ብድሮች ውጪ አድርጎታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ፣ ገበሬው ሕይወቱን የሚመራበትን መሬት አስይዞ ከባንክ መበደር ሳይችል ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ መንገድ ከፍቷል፤ የሚያዘው መሬቱ ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብቱ በመሆኑ፣ ወደ ቀድሞው የወለድ አገድ ችግር እንዳይመለስ የጊዜ ገደቡ በጥንቃቄ መጠበቅ ያለበት ነው። ከዚያ በፊት የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ለአነስተኛ ነጋዴ ይበልጥ የቀረበ ለውጥ አምጥቷል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚንቀሳቀስ ዕቃ መያዣ የሚሆነው ዕቃው ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ለአበዳሪው ሲሰጥ ስለነበር፣ የስፌት መኪናዋን አስይዛ የተበደረች ሴት መስፋት አትችልም ነበር፤ በአዲሱ አዋጅ ግን ዕቃው በባለቤቱ እጅ ሆኖ ሥራውን እየሠራ፣ የአበዳሪው መብት በብሔራዊ ባንክ ሥር በተቋቋመው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከብት፣ ሰብል፣ ማሽንና በመጋዘን ያለ ዕቃ በዚህ መንገድ መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ባንኮች ከካርታ ወዲያ ለመመልከት ያላቸው ፈቃደኝነት ግን ገና የሚፈለገውን ያህል አይደለም።

ባንክ ለማንኛውም ተበዳሪ የመጀመሪያው የመክፈያ ምንጭ አድርጎ የሚመለከተው ወይም ሊመለከተው የሚገባው ገቢውን ነው፤ መያዣ ገቢው ሲቋረጥ የሚመጣ ሁለተኛ መንገድ ነው። ክፍያ ለ90 ቀን ሲዘገይ ብድሩ በባንኩ መዝገብ የተበላሸ ተብሎ ስለሚመደብ፣ ተበዳሪው ችግሩን ይዞ ወደ ባንኩ መሄድ ያለበት ከዚያ ቀን በፊት ነው፤ የአከፋፈል ጊዜውን ማራዘም ወይም ቤቱን ራሱ ሸጦ ዕዳውን መዝጋት በዚያ ጊዜ ይቻላል፣ የሐራጅ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ግን ከባድ ነው። ዕዳውን ጨርሶ የከፈለም ሰው የመጨረሻውን ደረሰኝ በማስቀመጥ ብቻ ጉዳዩ አያልቅለትም። ባንኩ ካርታውን ከመመለሱ ጋር የመያዣ መልቀቂያ ደብዳቤ ሊሰጠው፣ ደብዳቤውም መያዣው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ደርሶ እግዱ ከመዝገብ ሊሰረዝ ይገባል፤ ምዝገባው ለ10 ዓመት የሚጸና በመሆኑ፣ ሳይሰረዝ የቀረ መያዣ ባለቤቱ ከረሳው ከዓመታት በኋላ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ልጁ ሊወርሰው ሲል በመዝገቡ ላይ ሊገኝ ይችላል።